ቫኑዋቱን ለማየት፦ ከወቅት ምርጫ እስከ እሳተ ገሞራው አፋፍ

ቫኑዋቱ በደቡብ ፓስፊክ፣ ከአውስትራሊያ በስተምሥራቅ የምትገኝ፣ 80 ያህል ደሴቶቿ ከሰሜን እስከ ደቡብ 1,300 ኪሎ ሜትር ገደማ የተዘረጉ አገር ናት። እስከ ጁላይ 30 ቀን 1980 ድረስ እንግሊዝና ፈረንሳይ በጋራ ይገዟት ነበር (እዚህ የተጻፉት ዓመታትና ወራት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ያለማቋረጥ የሚፈነዳ እሳተ ገሞራ አላት። ባሕሯ ውስጥ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት መርከብ ተጋድሞ ይታያል። ወንዶቿ ቁርጭምጭሚታቸውን በሐረግ አስረው ከእንጨት ማማ ላይ ይዘልላሉ። ነገር ግን እነዚህ ሦስቱ የሚገኙት በሦስት የተለያዩ ደሴቶች ላይ ነው፤ የዕቅዱ ጣጣም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ብዙ ሰው ዕቅዱን የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው። ረከስ ያለ የዓለም አቀፍ ቲኬት ሲያገኝ ይገዛል፤ ከዚያ በ10 ቀን ውስጥ 4 ደሴት ለመጠቅጠቅ ይታገላል። ቫኑዋቱ ውስጥ ይህ አያስኬድም። የአገር ውስጥ አውሮፕላኖች ጥቂትና ትንንሽ ናቸው፤ የብዙ ደሴቶች ማኮብኮቢያ ሣር ስለሆነ ዝናብ ካጨቀየው በረራው ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ ወቅቱን፣ ቀጥሎ ደሴቶቹን፣ ከዚያ የአገር ውስጥ በረራውን ወስኑ። የዓለም አቀፍ ቲኬት የሚገዛው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

1. ወቅቱን መምረጥ

ከሜይ እስከ ኦክቶበር ያለው ጊዜ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ነው። ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል ደግሞ ሞቃት፣ ዝናባማና የሳይክሎን (የኃይለኛ የባሕር አውሎ ነፋስ) ወቅት ነው። ሳይክሎን ሲባል በዋዛ የሚታይ አይደለም። ማርች 2015 ላይ ፓም የተባለው ሳይክሎን የአገሪቱን ሰፊ ክፍል አውድሟል። ማርች 2023 ላይ ጁዲና ኬቪን በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታትለው መጡ። በዚያው ዓመት ሎላ የመጣው ኦክቶበር ላይ፣ ወቅቱ ገና ሳይገባ ነበር። ኦክቶበር መጨረሻ ላይ የምትሄዱ ከሆነም ትንበያውን መከታተል አለባችሁ ማለት ነው።

የጴንጤቆስጤ ደሴትን ዝላይ ማየት ከፈለጋችሁ ምርጫችሁ ይጠብባል። ናጎል የሚባለው ይህ ሥርዓት የሚካሄደው በደሴቱ ደቡባዊ ክፍል፣ ከኤፕሪል እስከ ጁን፣ አብዛኛውን ጊዜ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ከቦዬ መከር ጋር የተያያዘ ስለሆነ ለቱሪስት ሲባል ወሩ አይቀየርም። ምክንያቱም በዓይን የሚታይ ነው፤ ማማው ከ20 እስከ 30 ሜትር ይደርሳል፣ ያለ ምስማር በልጥና በሐረግ ታስሮ ይቆማል፣ የእያንዳንዱ ዘላይ ሐረግ እንደ ክብደቱና እንደሚዘልበት ከፍታ ይመረጣል። ሐረጉ ሲወጠር ዘላዩ የቆመበት መድረክ ታስቦበት ይሰበርና የንዝረቱን ኃይል ይቀንሳል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ሐረጉ ውኃ የጠገበና የሚለጠጥ ሲሆን ብቻ ነው። በ1974 ለንግሥት ኤልሳቤጥ ጉብኝት ሲባል ዝላዩ ያለወቅቱ፣ በፌብሩዋሪ ተደረገ፤ ሐረጉ ስላልተለጠጠ አንድ ዘላይ ሕይወቱ አለፈ። ስለዚህ ከወቅቱ ውጪ «እናሳያችኋለን» የሚል ካገኛችሁ አትቀበሉ።

በእኛ ግምት ምርጡ ጊዜ ከሜይ አጋማሽ እስከ ጁን መጨረሻ ነው፤ ዝናቡ ቀንሷል፣ ዝላዩም አላበቃም። ጁላይና ኦገስት ላይ የደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ይበረታል፣ ትናንሽ ጀልባዎች ይናወጣሉ፣ በታና ደሴት ሌሊቱ ሹራብ ያስለብሳል።

2. ደሴቶቹን መቀነስ

ለሁለት ሳምንት ጉዞ ዋና ከተማዋ ፖርት ቪላ ካለችበት ኤፋቴ ሌላ ሁለት ደሴት በቂ ነው። ሦስተኛ ስትጨምሩ የምትጨምሩት አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ተቀምጦ መጠበቅን ነው።

ታና የያሱር እሳተ ገሞራ ያለበት ነው። ኤስፒሪቱ ሳንቶ (ሰው በአጭሩ ሳንቶ ይለዋል) ከሁሉም ትልቁ ደሴት ሲሆን ለጠላቂዎች፣ ለዋሻ ወዳጆችና ጥርት ባለ ሰማያዊ የምንጭ ኩሬ መዋኘት ለሚሹ ይሆናል። ጴንጤቆስጤ ለዝላዩ ነው፤ ከወቅቱ ውጪ ለጀማሪ አንመክረውም። አምብሪም የማሩምና የቤንቦው እሳተ ገሞራዎች ደሴት ነው፤ ረጅም የእግር ጉዞና ድንኳን ይጠይቃል። ስለ አምብሪም አንድ ማስጠንቀቂያ አለን፦ የድሮ መመሪያዎች የሚያወድሱት የቀለጠ ዓለት ሐይቅ በዲሴምበር 2018 ፍንዳታ ፈስሶ ባዶ ሆኗል። ከዚያ በኋላ እንቅስቃሴ ታይቷል፤ ሆኖም የ2017 ፎቶ አይታችሁ ያንኑ አገኛለሁ ብላችሁ እንዳትሄዱ።

3. የአገር ውስጥ በረራና ትርፍ ቀን

ብሔራዊው አየር መንገድ ኤር ቫኑዋቱ በሜይ 2024 በገንዘብ ችግር ሥራ አቁሞ በአስተዳዳሪ እጅ ወድቆ ነበር፤ በረራው የተመለሰው ቀስ በቀስ ነው። ስለዚህ የዓመት ዕድሜ ያለው የበረራ ሰሌዳ ዋጋ የለውም። የምትሄዱበትን ወር ሰሌዳ ራሱ አየር መንገዱ ዘንድ አረጋግጡ፣ ከዚያም ያረፋችሁበትን ቤት ባለቤት «በዚህ ሳምንት አውሮፕላን እየመጣ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የደሴት ሰው ይህን ከማንም ቀድሞ ያውቃል።

ወደ ትናንሽ ደሴቶች የሚበሩት 19 መንገደኛ ገደማ የሚይዙ እንደ ትዊን ኦተር ያሉ አውሮፕላኖች ናቸው። ሻንጣችሁ ብቻ ሳይሆን እናንተም ትመዘናላችሁ። የሻንጣው ጣሪያ ከዓለም አቀፉ በረራ በጣም ያነሰ ስለሆነ 10 ኪሎ የሚሆን ለስላሳ ቦርሳ አዘጋጁና ቀሪውን ፖርት ቪላ ባረፋችሁበት ቤት አስቀምጡ። ጠንካራ ሻንጣ ትንሽ የጭነት ክፍል ውስጥ አይገባም፤ ከገባም የሌላውን ቦታ ይይዛል።

ቀኖቹን የምትደለድሉበት ደንብ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በረራው ያነሰበትን ደሴት አስቀድሙ፣ ኤፋቴን ለመጨረሻ ተዉ። ሁለተኛ፣ ከውጭ ደሴት የሚመልሳችሁ በረራ ከዓለም አቀፍ በረራችሁ ቢያንስ 2 ሌሊት ይቅደም። የ14 ቀን ምሳሌ ብንሰጥ፦ ቀን 1 እና 2 ፖርት ቪላ፤ ከቀን 3 እስከ 6 ታና፤ ቀን 7 በፖርት ቪላ በኩል ማለፍ፤ ከቀን 8 እስከ 11 ሳንቶ፤ ቀን 12 ወደ ፖርት ቪላ መመለስ፤ ቀን 13 ምንም ያልተያዘበት፤ ቀን 14 መነሻ። ቀን 13 ባክኖ የሚቀር ቀን አይደለም። በረራው ሳይዛነፍ ከቀረ የኤፋቴን ደሴት በመኪና ዞራችሁ ትጠቀሙበታላችሁ።

ጊዜ ላለው ሰው መርከብም አለ። ከፖርት ቪላ በማሌኩላ ደሴት በኩል እስከ ሳንቶ የሚሄዱ ጀልባዎች ሌሊቱን በባሕር ያሳልፋሉ። የባሕር ሕመም የሚያስቸግራችሁ ከሆነ መድኃኒቱን ከመሳፈራችሁ አንድ ሰዓት በፊት ዋጡ፤ ማቅለሽለሽ ከጀመረ በኋላ ሆድ አይቀበለውም።

4. መንገድ ላይ የሚያስቀር ወረቀት

ፖርት ቪላ የሚደርሱት በረራዎች የሚነሱት በዋናነት ከብሪዝበን፣ ከሲድኒ፣ ከኦክላንድ፣ ከፊጂዋ ናዲና ከኒው ካሌዶኒያዋ ኑሜያ ነው። አብዛኛው ሰው የቫኑዋቱን የመግቢያ ሕግ ያነባል፤ የመተላለፊያውን አገር ግን ይረሳል። አውስትራሊያ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ ለሚያልፉ ብዙ ፓስፖርቶችም የመተላለፊያ ቪዛ ትጠይቃለች። ይህ ቪዛ (ንዑስ ክፍል 771) ክፍያ የለውም፣ እስከ 72 ሰዓት ያገለግላል፤ ሆኖም ቀድሞ መያዝ አለበት፣ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አይሰጥም።

እዚህ ላይ የሚያጠምደው ነገር የተነጣጠለ ቲኬት ነው። ሁለቱን በረራ ለየብቻ ከገዛችሁ ሻንጣችሁ እስከ መጨረሻው ላይላክ ይችላል። ሻንጣውን ተቀብላችሁ እንደገና ለማስገባት በኢሚግሬሽን ማለፍ፣ ማለትም አገሩ ውስጥ መግባት ግድ ይሆናል። ጥቂት ብር ጨምራችሁም ቢሆን በአንድ ቲኬት መሄድ ይሻላል። አውስትራሊያን መዝለል የሚፈልግ ከሲንጋፖር ወይም ከሆንግ ኮንግ በናዲ በኩል ያለውን መንገድ ይመልከት፤ የፊጂን የቪዛ ሕግም አብሮ ይይ።

ከዚህ ሌላ ቢያንስ 6 ወር የሚቀረው ፓስፖርትና የመመለሻ ቲኬት ይዛችሁ ቅረቡ። ቢጫ ወባ ካለበት አገር የሚነሳ መንገደኛ በሚያልፍበት አገር የክትባቱን ቢጫ ካርድ ሊጠየቅ ይችላል፤ ካርዱ ዋጋ የሚኖረው ከተከተባችሁ 10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት።

5. ጤናና ኢንሹራንስ

በሰሜንና በመካከለኛው ደሴቶች ወባ አለ፤ ታና ያለችበት የታፌያ ክፍለ ሀገር ግን ከወባ ነፃ ሆኗል። ዴንጊ የተባለው በትንኝ የሚተላለፍ የትኩሳት በሽታ በየትም ሊያጋጥም ይችላል፤ አስተላላፊዋ ትንኝ የምትነክሰው ቀን ስለሆነ የሌሊት አጎበር ብቻውን አይበቃም። የወባ መከላከያ ኪኒን ሐኪም ያዝዝላችሁ። እዚያ ያለው የወባ ዓይነት በብዛት ቪቫክስ ነው፤ ይህ ዝርያ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊነሳ ይችላል። ከተመለሳችሁ ከወራት በኋላም ትኩሳት ከያዛችሁ ለሐኪሙ ቫኑዋቱ እንደነበራችሁ ንገሩት።

ኮራል (የባሕር ውስጥ ድንጋይ መሳይ ነገር) የሚያደርሰው ጭረት ትንሽ መስሎ ይጀምራል፤ በሙቀቱ ውስጥ በሁለት ቀን ያመረቅዛል። ወዲያው በንጹሕ ውኃና በሳሙና እያሻችሁ እጠቡት፣ ፀረ ተሕዋስያን ቀቡት፣ እስኪደርቅ ባሕር አትግቡ። ስቶንፊሽ የተባለው ድንጋይ መሳይ መርዛማ ዓሣ ጀርባ ላይ ከረገጣችሁ ሕመሙ ከባድ ነው። እግሩን ቆዳ በማያቃጥል፣ 45 ዲግሪ ገደማ በሆነ ሙቅ ውኃ ውስጥ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ መንከር ሕመሙን ያስታግሣል፤ ከዚያም ወደ ሕክምና ሂዱ። ሁለቱንም የሚያስቀረው ሶሉ ወፍራም የሆነ የውኃ ጫማ ነው።

ዋናዎቹ ሆስፒታሎች በፖርት ቪላና በሳንቶዋ ሉጋንቪል ይገኛሉ፤ ከባድ ጉዳት ግን ወደ ውጭ አገር በአውሮፕላን ያስወስዳል። የኢንሹራንስ ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ነገር ፈልጉበት፦ በአውሮፕላን ለሕክምና ማጓጓዝ፣ ጠልቆ መዋኘት፣ ወደሚንቀሳቀስ እሳተ ገሞራ መውጣት። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ በማግለያው አንቀጽ ውስጥ ተደብቆ ይገኛል።

6. ገንዘብና ፈቃድ

መገበያያው ቫቱ ነው፤ ሳንቲም ተብሎ የሚከፋፈል ነገር የለውም። የገንዘብ ማሽን ፖርት ቪላና ሉጋንቪል ላይ አለ፤ ከዚያ ውጪ በጥሬ ገንዘብ ብቻ እንደምትኖሩ አድርጋችሁ አስሉ። ለደሴቱ ቆይታ የሚበቃችሁን፣ በዚያ ላይ በረራ ቢቀር የ2 ቀን ተጨማሪ ወጪ ይዛችሁ ውጡ። ገንዘቡን በ200፣ በ500 እና በ1,000 ቫቱ አስመንዝሩ፤ መንደር ውስጥ ለ10,000 ቫቱ መልስ የሚገኝበት ሱቅ የለም። ዋጋ መከራከርና ጉርሻ መስጠት የአገሩ ልማድ አይደለም።

ይህን ከሁሉ አስበልጣችሁ ያዙ፦ በቫኑዋቱ ሕገ መንግሥት መሬት የባለርስቶቹ ነው። ፏፏቴውም፣ ኩሬውም፣ ከፊቱ ያለው አሸዋና ኮራል ጭምር ባለቤት አለው። ሰው የሌለበት የሚመስል የባሕር ዳርቻ ላይ ዝም ብሎ ድንኳን መትከል ሰው ግቢ ውስጥ የመግባት ያህል ነው። የመጀመሪያውን ያገኛችሁትን ሰው ባለቤቱን ጠይቁት፣ መግቢያውን ክፈሉ፣ ለፎቶም ፈቃድ ጠይቁ። «ታቡ» ተብሎ የተዘጋ ቦታ ካለ ለመለመን አትሞክሩ፤ አንዳንዱ የመቃብር ስፍራ ነው፣ አንዳንዱ ዓሣው እንዲራባ ለተወሰነ ጊዜ የተከለከለ ባሕር ነው። በመንደር ውስጥ ሴቶች ከጉልበት በታች የሚደርስ ቀሚስ ወይም ሽርጥ ቢለብሱ ይከበራሉ፤ የመዋኛ ልብስ ለቱሪስት ማረፊያው ይቅር። እሑድ ሱቅም መኪናም እንደማይገኝ ቁጠሩ።

7. ያሱር ላይ መውጣት

ያሱር 361 ሜትር ብቻ ከፍታ ያለው ተራራ ነው። ካፒቴን ኩክ በ1774 ወደ ታና የመጣው ብርሃኑን ከሩቅ አይቶ ነው፤ ከዚያ ወዲህም ያለማቋረጥ ይፈነዳል። መኪና ከአፋፉ ሥር ድረስ ስለሚወስድ ቀሪው መንገድ የደቂቃዎች ነው፤ ሰው የሚዘናጋውም በዚህ ቅለቱ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ጎብኚዎችና መሪያቸው ከአፉ በተወረወረ ዓለት ሞተዋል።

መጀመሪያ የአደጋውን ደረጃ እዩ። የቫኑዋቱ የሚቲዎሮሎጂና የጂኦ አደጋዎች መሥሪያ ቤት ከ0 እስከ 5 ያለውን ደረጃ በየጊዜው ያወጣል። በጠዋት አንድ ጊዜ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ ሌላ ጊዜ ጠይቁ። ደረጃው 3 ሲደርስ አፋፉ ይዘጋል፤ በዚያ ቀን የሚወስዳችሁ ሹፌር ከተገኘ አብራችሁት አትሂዱ።

ማረፊያችሁን ከተራራው አጠገብ፣ በደሴቱ ምሥራቅ ያዙ፤ ቢያንስ 2 ሌሊት። አውሮፕላን ማረፊያው ዋይትግራስ ያለው በምዕራብ ሲሆን በፒካፕ ተራራ አቋርጦ ለመድረስ 2 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። አንድ ሌሊት ብቻ የያዘ ሰው በዚያች ሌሊት ደመና ከሸፈነው ሳያይ ይመለሳል። አፋፉ ላይ ፀሐይ ከመጥለቋ አንድ ሰዓት በፊት ድረሱ፤ መሬቱን በብርሃን ታዩታላችሁ፣ ፍንዳታውን በጨለማ ታዩታላችሁ።

የሚለበሰው የተሸፈነ ጫማ፣ ረጅም ሱሪ፣ የነፋስ ጃኬት፣ ዙሪያውን የሚዘጋ የአቧራ መነጽርና አፍና አፍንጫን የሚገጥም ማስክ ነው። የሚበነው አመድ የእንጨት አመድ አይደለም፤ ጥቃቅን የመስታወትና የዓለት ስባሪ ነው። ዓይናችሁ ውስጥ ከገባ አትሹት፣ በውኃ አጥቡት። ኮንታክት ሌንስ የምታደርጉ አውልቃችሁ ውጡ፤ የካሜራ ሌንስም እዚያ ላይ አይቀየርም። አስም ያለበት ሰው የድኙ ጋዝ ሊያስነሳበት ስለሚችል ቢቀርበት ይሻላል።

አፋፉ ላይ ነፋሱ ከጀርባችሁ መጥቶ ጭሱን ከእናንተ የሚያርቅበትን ቦታ ምረጡ፤ ነፋሱ ሲዞር እናንተም ዙሩ። ጫፉ ላይ አትቁሙ፤ ልቅ አመድ ስለሆነ ሊናድ ይችላል። ፍንዳታ ሲሰማ የሰው ሁሉ ስሜት ዞሮ መሮጥ ነው፤ ይህ ነው አደገኛው። ፊታችሁን ወደ ፍንዳታው አድርጋችሁ ቀና በሉ፣ የተወረወረውን የጋለ ዓለት በዓይናችሁ ተከተሉ፣ ወደ እናንተ የሚመጣ ከሆነ ወደ ጎን ፈቀቅ በሉ። ጀርባውን የሰጠ ሰው የሚወድቅበትን አያይም። መሪው «እንውረድ» ካለ ወዲያው ውረዱ። በግንባር የሚታሰር ባትሪ ለየሰዉ አንድ አንድ ያዙ፤ የስልክ መብራት አንድ እጅ ይይዛል፣ እጅ ደግሞ ለመውረጃው ያስፈልጋል።

8. ሳንቶ ላይ መጥለቅ

ፕሬዚደንት ኩሊጅ የተባለው 200 ሜትር ገደማ የሚረዝም የአሜሪካ መርከብ ወታደር ጭኖ ሲገባ ኦክቶበር 26 ቀን 1942 የራሱ ወገን ያጠመደው ፈንጂ መትቶት ሰጠመ። ከ5,000 በላይ ሰው ተሳፍሮ ሁለት ብቻ ሞቱ። የሚገባበት ከባሕር ዳርቻው በእግር ነው። የፊቱ ክፍል 20 ሜትር አካባቢ፣ የኋላው 70 ሜትር አካባቢ ይገኛል፤ እየወረዳችሁ መሆኑ ሳይታወቃችሁ ትጠልቃላችሁ። የመጀመሪያ ደረጃ ሰርተፍኬት ያለው ሰው በፊተኛው ክፍል ይወሰን፤ ያለ መሪ ወደ ውስጥ መግባት ለማንም አይሆንም። ለማይጠልቁ ሚሊዮን ዶላር ፖይንት አለ፤ አሜሪካኖች ጦርነቱ ሲያልቅ ተሽከርካሪና ማሽን ወደ ባሕር የጣሉበት ነው፣ በማስክና በመተንፈሻ ቱቦ ብቻም ይታያል። ከመጨረሻው ጠለቃ በኋላ ወደ አውሮፕላን ከመግባታችሁ በፊት 24 ሰዓት ይለፍ፤ ያልወጣ ናይትሮጅን ከፍታ ላይ በደም ውስጥ አረፋ ይሆናል።

9. ካቫ

ሲመሽ ናካማል በሚባለው መጠጫ ቦታ የሚጠጣው፣ ካቫ ከተባለ ተክል ሥር የሚሠራው ጭማቂ በቫኑዋቱ ጠንካራ ነው። በአንድ ትንፋሽ ይጨለጣል፣ አፍ ይደነዝዛል፣ እግር ይከብዳል። ሁለተኛውን ከመጠየቃችሁ በፊት 20 ደቂቃ ጠብቁ፤ ከአልኮል ጋር አትቀላቅሉ፣ ጠጥታችሁ አትንዱ፤ የጉበት ሕመም ያለባችሁ አትንኩት። ድምፅ ዝቅ ይበል፣ ባትሪ ሰው ፊት ላይ አይብራ። በታና ባህላዊ ናካማል ሴቶች አይገቡም፤ በፖርት ቪላ ግን ይገባሉ።

10. ምድር ሲናወጥ፣ ሳይክሎን ሲመጣ

ዲሴምበር 17 ቀን 2024 መጠኑ 7.3 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ፖርት ቪላን መትቷል። በየደረሳችሁበት ማረፊያ የመጀመሪያው ጥያቄ «ከፍ ያለው ቦታ በየት በኩል ነው?» ይሁን። ባሕር ዳር ሳላችሁ ለመቆም የሚያስቸግር ወይም የሚረዝም መንቀጥቀጥ ከተሰማችሁ ሱናሚ ሊከተል ስለሚችል ማስጠንቀቂያ አትጠብቁ፣ ዕቃም አታንሱ፣ ወደ ከፍታው ውጡ። ለሳይክሎን ማስጠንቀቂያው በቀለም ነው፦ ሰማያዊ ሲሆን ውኃ፣ ምግብና ባትሪ ይያዛል፤ ቢጫ ሲሆን ወደ ጠንካራው ሕንፃ ይገባል፤ ቀይ ሲሆን ከዚያ አይወጣም። ነፋሱ ድንገት ጸጥ ካለ የሳይክሎኑ ዓይን እያለፈ ሊሆን ይችላል፤ ከደቂቃዎች በኋላ ከተቃራኒው አቅጣጫ ይመለሳል። የዲጂሴልና የቮዳፎን ኔትወርክ ሊጠፋ ስለሚችል ሬዲዮ ያለው ቤት የት እንዳለ ቀድማችሁ እወቁ።

11. ከመነሻው በፊት ባለው ቀን

የጫማችሁን ሶል በብሩሽ ከጭቃና ከዘር አጽዱ፤ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ አፈር ያለበትን ጫማ ይይዛሉ። ዛጎል፣ ኮራልና የዘር ጌጥ አትያዙ። የእንጨት ቅርጽ ከገዛችሁ ቅርፊትና የነቀዝ ቀዳዳ እንደሌለው እዩ፣ በመግቢያው ቅጽ ላይም «አዎ» ብላችሁ አስመዝግቡ። ያስመዘገበ ሰው ቢበዛ ዕቃው ይቀርበታል፤ የደበቀ ግን ይቀጣል።